እናቴ ላትረግጠው የማለችው ጓሮ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ኋላ «ቀድመሽ ብትነግሪን ምን ነበረበት» እንዳትሉኝ። እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ክብደት፣ ስለ ግፊት፣ ስለ ሚዛን ለሰው ልጅ አስረድቼ ነው ደመወዝ የምበላው። እንግዲህ አንድ የክረምት ቀን መኪናዋን ብሎኬት ላይ አቁማ ከሥሯ የተኛችው ይህን ሁሉ የምታውቅ ሴት ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔም ጎኔን ካላመመኝ እስቃለሁ።

የምንኖረው የካ ነው፣ ዳገቱ ላይ። አባቴ በሕይወት ሳለ ያሠራው ቤት ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ጓሮው ሰጥቶ ተቀምጧል። ከጓሮው አጥር ወዲያ ባሕር ዛፍ ነው፤ ሽቅብ እያለ እንጦጦ ይደርሳል። ቤቱ ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነን። ሰፈሩ «እትዬ አሰለፈች» ይላታል። ጉልበቷን ስለሚያማት በከዘራ ነው የምትሄደው። ምላሷን ግን፣ ተመስገን፣ ምንም አላመማትም።

መኪናዋ ቀይ ናት። ሁለት በር ያላት፣ በዕድሜ እኔን የምታክል የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። የፊት መብራቶቿ ኮፈኑ ውስጥ ተደብቀው ይቀመጡና ሲበሩ እንደ እንቁራሪት ዓይን ብድግ ይላሉ። ያገኘኋት አያት አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ነው፤ ዶሮ አድሮባት፣ አንድ ዓይኗ ብቻ እየተነሳ። «ይቺን ለምን ትፈልጊያታለሽ?» ሲሉኝ ዞር ዞር ብዬ አየኋት። ወደድኳት፣ በቃ። ጋራዥም አልወስዳትም አልኩ። ከሥራ ስመለስ ቱታዬን ለብሼ፣ ስልኬ ላይ ቪዲዮ እያየሁ ፍሬኗን አደስኩ፣ ሞተሯን ቀሰቀስኩ፣ የተኛውን ዓይኗንም አስነሳሁት። ሁለቱ መብራቶች እኩል ብድግ ያሉ ቀን ጓሮ ውስጥ ብቻዬን እልል ብያለሁ።

ችግሩ የመጣው በሽማግሌዎቹ ነው። አንድ ደህና ሰው ነበር፤ የሥራ ባልደረባዬ ነው፣ ተግባብተናል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌ ሊልክ ተቀጠረ። እናቴ ዶሮውን ሠርታ፣ ሳሎኑን አጥባ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ተቀመጠች። እኔም ቀሚሴን አዘጋጅቼ «አንዲት ቡሎን ብቻ ላጥብቅ» ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁ። መኪና የሚያውቅ ሰው ይህች አንዲት ቡሎን ምን እንደምታመጣ ያውቃል። እሷን ላጠብቅ ስል ሌላዋ ተሰበረች፣ የተሰበረችውን ላወጣ ስል ዘይቱ ፈሰሰ። በጓሮ በር ስገባ ሽማግሌዎቹ ተሰልፈው ተቀምጠዋል። ግንባሬ ድረስ ዘይት ሆኛለሁ፣ እጄ ላይ ካቻቢቴ አለ። ትልቁ ሽማግሌ ጨዋ ሰው ናቸውና ሊጨብጡኝ ተነሡ። እኔም ክርኔን ብሰጣቸው ነጭ ጋቢያቸው ላይ ጥቁር ማኅተም መታሁባቸው።

«እንመለስበታለን» ብለው ወጡ፤ አልተመለሱም። ሰውየውም በኋላ ደውሎ «መኪናዋን ብትሸጫትስ?» አለኝ። «አንተን ብሸጥህስ?» አልኩት። በዚሁ ተለያየን።

ሽማግሌዎቹ የወጡ ዕለት እናቴ የማድ ቤቱ በር ላይ ቆመች፤ ሲሚንቶው አልቆ የጓሮው አፈር የሚጀምርበት ቦታ ላይ። በከዘራዋ መኪናዋን እያመለከተች፣ «ይቺ ቆርቆሮ ከግቢዬ እስክትወጣ ድረስ ይህን ጓሮ ብረግጥ ሚካኤል ይፍረድብኝ!» አለች። አማተበችና ተመለሰች።

እናቴን ስለማታውቋት ነው እንጂ ይህ ቀልድ አይደለም። አንዴ ከጎረቤት ጋር ተጣልታ «ከዚያ ቤት ጨው ብበደር» ብላ ምላ፣ ጨው ያለቀብን ቀን ወጡን እንዲሁ በልተነዋል። ጓሮውንም እንዳለችው አልረገጠችውም። የልብስ ገመዱ ጓሮ ስለሆነ ልብሱን ፊት ለፊት አጥሩ ላይ ማስጣት ጀመረች፤ የውስጥ ልብሴን መንገደኛው ሁሉ አወቀው። ጎመኗ ጓሮ ነው፤ እሷ በር ላይ ቆማ፣ እኔ ተጎንብሼ፣ «ያንን አይደለም! ከሥሩ ያለውን! ኧረ አንቺ ልጅ ዓይን የለሽም?» እያለች ታስቆርጠኛለች። አላኮረፈችኝም፤ በማድ ቤቱ መስኮት እናወራለን። ግን ያቺን የሲሚንቶ ጠርዝ አታልፍም። ላስታርቃት ብዬ ስንት ጊዜ «እማዬ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ነዪና ይህን ያዢልኝ» ብያታለሁ መሰላችሁ? «ተገዝቻለሁ» ትልና መስኮቱን ጠርቀም።

ነገሩ የሆነው ክረምት ነው፤ ትምህርት ተዘግቷል። ሰፈራችን ውስጥ አንድ አዛውንት ዐርፈው ዕድርተኛው በሙሉ ቀብር ሄዷል። የእኛን ሰፈር ቀብር ካላያችሁ አታውቁትም። ሱቁ ይዘጋል፣ ዘበኛው ይሄዳል፣ የታመመ እንኳ ተደግፎ ይሄዳል። እናቴ ግን ጉልበቷ ተነሥቶባት አልጋ ይዛ ስላደረች ቀረች፤ ከቀብር መቅረት ለእሷ ሞት ነው፣ ግን ቀረች። እኔም እሷን ላስታምም ብዬ ቀረሁ። ወደ ማታ ድንኳን እደርሳለሁ አልኩ።

ረፋዱ ላይ ትንሽ ሲሻላት ለሐዘን ቤት ወጥ ልሥራ ብላ ማድ ቤት ገባች፤ ዝናቡም ጋብ አለ። ማርሚታዋን የምቀይርበት ቀን አገኘሁ አልኩ። ማርሚታ ያው የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነው ነው። የሷ ዝጎ ተበስቷል፤ ከአሮጌ ዕቃ ተራ አንድ ሰፋ ያለ፣ ድምፁ የሚያምር አግኝቼላታለሁ። የኋላ ጎኗን በክሪክ አነሣሁና ሁለቱን የኋላ ጎማዎች ፈታሁ። ከዚያ አጥር ሲታጠር የተረፈውን ብሎኬት በዚህም በዚያም ደርቤ አስቀመጥኩላት። ባዶ ሆዱን ብሎኬት! ያ የቪዲዮው ሰውዬ «ብሎኬት እንዳትጠቀሙ» ሲል እኔ ያንን ክፍል አሳልፌዋለሁ፤ ሰውዬው ወሬ ያበዛላ። አንድ ነገር ብቻ ሰምቼዋለሁ፤ የፈታችሁትን ጎማ ከመኪናዋ ሆድ ሥር አስገቡት ይላል። ምን እንደሚሠራ ብዙም ሳላስብ አንዱን ጎማ በጎኑ አስተኝቼ ገፋ አደረግሁት።

ካርቶን አነጠፍኩና በጀርባዬ ተንሸራትቼ ገባሁ። እግሮቼ በኋላ በኩል፣ ወደ ማድ ቤቱ ወጥተዋል። ስልኬ መቀመጫው ላይ ሆኖ ሰውዬው በእንግሊዝኛው ያወራል። አሮጌውን ማርሚታ የያዘው ቡሎን አልፈታ አለኝ። ሁለት እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩት።

ብሎኬት ሲሰበር ድምፁ ትልቅ አይደለም። ደረቅ ዳቦ ሲቆረስ ነው የሚመስለው። «ምንድን ነው?» ብዬ ሳልጨርስ ክሪኩ ተንጋደደ፣ ብርሃኑ ጠፋ፣ መኪናዋ ደረቴ ላይ ተቀመጠች።

ሞቻለሁ ብዬ አምኜ ነበር። ግን የሞተ ሰው ጎኑን አያመውም። ዓይኔን ገልጬ ሳይ ያ ጎማ ነው ያዳነኝ፤ የመኪናዋን ሆድ ባንድ በኩል ይዞታል። በሌላ በኩል ግን ብረቱ ደረቴን አጣብቆኛል። ቀኝ እጄ ከጎኔ ጋር ተቆልፏል። ግራ እጄ ነጻ ናት፤ ቁልፉን እንደያዘች ናት። አየር የማስገባው ግማሽ ግማሽ ነው፤ ሞላ አድርጌ ልተንፍስ ስል ብረቱ «ወዴት?» ይለኛል። ነጠላ ጫማዬ እስኪወልቅ በእግሮቼ መሬቱን ገፍቼ ልወጣ ሞከርኩ። የጎድን አጥንቴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ፤ ዓለም ጥቁር ሆነብኝ። ከዚያ በኋላ አልሞከርኩም።

ሰውዬው መቀመጫው ላይ ሆኖ በደስታ ያወራል። «እግዚአብሔር ይይልህ» አልኩት በልቤ። እሱ ጨርሶ የሳሙና ማስታወቂያ ቀጠለ።

«እማዬ!»

መጮኼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን ሹክሹክታ ነው። ለመጮኽ የሚበቃ አየር የለኝም። ሁለተኛ ስሞክር ትንሽ ወጣ። የማድ ቤቱ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ።

«አቤት? ጠራሽኝ?»

«ነዪ…»

«ምን?»

«እማዬ… ነዪ…»

«ወዴት ነው የምመጣው? ጉልበቴ እንዲህ ሆኖ! ደግሞስ ተገዝቻለሁ አላልኩም? ስንቴ ልንገርሽ?»

«መኪናዋ…»

«አዎ መኪናዋ! ከመኪናዋ ሌላ ምን አለሽ? ድምፅሽስ ምን ሆኗል? በዚህ ብርድ መሬት ተኝተሽ ጉንፋን ይይዝሻል፣ ዳማከሴ አፍዪልኝ ትያለሽ!»

መስኮቱ ጠርቀም አለ።

እንደዚያን ጊዜ አልቅሼ አላውቅም፤ ለነገሩ ለማልቀስም አየር ያስፈልጋል። እንባዬ ብቻ ወደ ጆሮዬ ወረደ። እናቴ እዚያች መስኮት ውስጥ ናት። ሽንኩርት ስትከትፍ ይሰማኛል፤ ቀጭ ቀጭ ቀጭ። ልጇ እዚህ ልትሞት ነው፣ እሷ ለሐዘን ቤት የምትልከውን ወጥ ትሠራለች።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። መጀመሪያ ከእንጦጦ በኩል ባሕር ዛፉ ላይ ሽው ሲል ሰማሁት፤ ቀጥሎ የጎረቤቱ ቆርቆሮ፣ ቀጥሎ የኛ። የየካን ክረምት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ አጠገባችሁ ያለ ሰው እንኳ አይሰማችሁም። ዳገት ነንና ውኃው ከላይ ቦይ ሠርቶ ወደ ጓሯችን ይገባል። ካርቶኔ ራሰ። ጀርባዬ በረደ። አንገቴን ዘወር አድርጌ ጎማውን አየሁት።

ጎማው እየሰመጠ ነው።

መጀመሪያ አላመንኩም። የጎማው ጥርስ የታችኛው ረድፍ ቅድም ይታየኝ ነበር፤ አሁን ጭቃ ውስጥ ገብቷል። ጥቂት ቆየሁና ደግሜ አየሁ። ሁለተኛው ረድፍም ግማሹ የለም። ጎማው አንድ ጣት በሰመጠ ቁጥር ብረቱ አንድ ጣት ወደ ደረቴ ይወርዳል። ይህንን ለማስላት ፊዚክስ መማር አያስፈልግም። ሰው ካልመጣ ዝናቡ ሳያባራ አልቃለሁ። ሰው ደግሞ የለም፤ ሁሉም ሌላ ሰው እየቀበረ ነው።

በግራ እጄ ቁልፉን አንሥቼ የመኪናዋን ሆድ መምታት ጀመርኩ። ቋ! ቋ! ቋ! ይህንስ ትሰማለች አልኩ። ሰማችም።

«ደግሞ ጀመረች!» አለች እናቴ በመስኮቱ ውስጥ፣ ከዝናቡ በላይ ጮኻ። «ሰው ቀብር ሄዷል፣ ሐዘን ነው፣ እሷ ብረት ትቀጠቅጣለች! ነውር አታውቂም?»

እንግዲህ ተመልከቱት ጉዴን። ስንት ወር ሙሉ ከዚህ ጓሮ የወጣው ድምፅ ይኸው ነው፤ ቋ ቋ ቋ። የድረሱልኝ ጩኸቴና የዘወትር ሥራዬ አንድ ሆነው ቁጭ አሉ። ቶሎ ቶሎ መታሁ፣ ቀስ ብዬ መታሁ፣ በልቅሶ ምት መታሁ። ማን ይለየው? ብረት ያው ብረት ነው።

ያን ጊዜ ነው በሚካኤል የተናደድኩት። ይቅር ይበለኝና ተናደድኩበት። «መሐላዋን የተቀበልከው አንተ አይደለህ?» አልኩት። «እሷ እንደሆን አታፈርስም፣ አውቃታለሁ። አንተው ፍታትና ላካት። እኔን እንኳ ተወኝ፤ አንድ ልጇ ነኝ፣ እሷን ማን ይጦራታል?» ይህን ስለው ነው እውነተኛው ፍርሃት የመጣው። እስከዚያ ድረስ ለራሴ ነበር የፈራሁት። አሁን ግን እናቴ ወጡን ጨርሳ፣ «ሰብለ፣ ነዪ ብዪ» ብላ፣ መልስ ስታጣ ታየችኝ። በዚያች ጉልበቷ፣ በዚያች ከዘራ፣ ብቻዋን።

ጎማውን ደግሜ ማየት ፈራሁ። እጄ ዛለ። ቁልፉ እየከበደኝ፣ እየከበደኝ ሄዶ ከጣቶቼ መሃል ወጣና ጭቃው ላይ ወደቀ። ልይዘው ብዳስስ አጣሁት። ከዚያ በኋላ እኔ ጋ ምንም ድምፅ አልነበረም። ዝናቡ ብቻ ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ ሳሳ።

የሽንኩርቱ ቀጭ ቀጭ ቆመ።

መስኮቱ ተከፈተ። «ሰብለ?»

አፌን ከፈትኩ፤ ምንም አልወጣም።

«ሰብልዬ? አለሽ?… ምነው ዝም አልሽ? አስቀየምኩሽ እንዴ?»

መልስ የለኝም።

«ሰብለ! አለሽ ወይ?»

የማድ ቤቱ በር ሲከፈት ሰማሁ። ከዘራዋ ሲሚንቶው ላይ ቋ፣ ቋ እያለ መጣ። አንገቴን ወደ ደረቴ ሰብሬ፣ በመኪናዋና በመሬቱ መካከል ባለችው ክፍተት ወደ እግሮቼ አየሁ። የእናቴ የፕላስቲክ ጫማ መጣና ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ ቆመ። ሁለት እግርና አንድ ከዘራ። እዚያው ቆሙ።

«ብታሾፊብኝ አልምርሽም» አለች። «እግርሽ ባዶውን ነው። ጫማሽስ? ለምን እንዲህ ጭቃ ውስጥ…»

ማድረግ የምችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር። የእግሬን ጣቶች አነቃነቅሁ።

እናቴ ገባት። ከዘራው ሲወድቅ አየሁ። «ሚካኤል፣ አንተው ታውቃለህ!» አለችና ሁለቱ የፕላስቲክ ጫማዎች ከሲሚንቶው ወርደው ጭቃውን ረገጡት። ያቺ ከአልጋ ተደግፋ የምትነሳ ሴት ሮጠች። በሕይወቴ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ያ ነው፤ የእናቴ ጫማ ጭቃውን ሲረግጥ።

«ኡኡ! ኡኡ! የሰው ያለህ! ልጄን! ልጄን ድረሱልኝ!»

የጎረቤት ውሻ ጮኸ። ሌላ ማንም አልመለሰም። ለራሷም ትዝ አላት፤ ዝም አለች። ከዚያ በግንባሯ እስክትደፋ ድረስ ተንበርክካ ፊቷን ከመኪናዋ ሥር አስገባች። ለስግደት እንኳ የማይታጠፈው ጉልበቷ ታጠፈ።

«ምን ላድርግ? ንገሪኝ። ምን ላድርግ?»

«ክሪክ…» አልኳት።

«ክሪክ ምንድን ነው?»

«ያ… የወደቀው… ብረት።»

አነሣችው። የት እንደምታስገባ በዓይኔና በአገጬ አመለከትኳት። «አዙሪው… እንደ ሥጋ መፍጫው።» ማዞር ጀመረች። ብረቱን ነካ፣ ገፋ፣ እፎይ ልል ስል ክሪኩ ራሱ ጭቃው ውስጥ ገባ። እሷ ታዞራለች፣ እሱ ይሰምጣል፤ መኪናዋ ንቅንቅ አትልም።

«እየሰመጠ ነው ይሄ የተረገመ!»

እኔ አንድ ሰፊ ነገር ከሥሩ ያስፈልጋል ልላት እየታገልኩ ነው። እሷ ግን አልጠበቀችኝም። «ቆይ» አለች። በአራት እግሯ ዳዴ ብላ ወደ ማድ ቤቱ ሄደች፤ መቆም አቅቷታል። እሷ ስትሄድ ነው ሞት እንደገና አጠገቤ የተቀመጠው። «እማዬ አትሂጂ» ልላት ነበር። ስትመለስ ብብቷ ሥር መክተፊያዋ አለ፤ የሽንኩርቱ ልጣጭ ተጣብቆበታል። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ወፍራም የእንጨት መክተፊያ። ክሪኩን ነቅላ መክተፊያውን ጭቃው ላይ አስተኛችው፣ ክሪኩን ከላዩ አቆመችው።

«አለሽ?»

«አለ…ሁ።»

አዞረች። መክተፊያው ጭቃውን ጨቅ አድርጎ ያዘ።

«አለሽ?»

«አለሁ።»

አንድ ዙር አዙራ «አለሽ?» ትላለች፤ እኔ «አለሁ» ካላልኩ ሁለተኛውን አታዞርም። ነጠላዋን አውልቃ እጀታው ላይ ጠምጥማዋለች፣ እንዳያንሸራትታት። ብረቱ ከደረቴ ላይ እንደ ጥፍር ስስ በሆነ ልክ ተላቀቀ። ከዚያ ትንሽ ጨመረ። አየር ገባ። አየር እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር፤ የጭቃና የተቃጠለ ዘይት አየር ነው፣ ግን ጣፈጠኝ።

«እግሬን… ሳቢኝ።»

«አጥንትሽ ቢሰበርስ?»

«እማዬ፣ ሳቢኝ!»

ሳበችኝ። ሁለቱን ቁርጭምጭሚቴን ይዛ፣ በቂጧ ተቀምጣ፣ «በስመ አብ» ብላ ሳበችኝ። የጮኽኩት ጩኸት ያን ጊዜ ነው የወጣው፤ እስከዚያ የታፈነው ሁሉ። ፊቴ ላይ ዝናብ አረፈ፣ ሰማይ አየሁ። ከሥሯ ሙሉ በሙሉ ወጥቼ ጥቂት እንደቆየን ጎማው ሸርተት አለ፣ ክሪኩ ተንጋደደ፣ ቀይዋ ጓ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። እኔና እናቴ ተያየን።

እዚያው ቀረን። እኔ በጎኔ ምክንያት መነሣት አልችልም፣ እሷ በጉልበቷ። ጭቃው ውስጥ ተቃቅፈን ተኝተን ታለቅሳለች፣ ከዚያ ትሰድበኛለች፣ ከዚያ ትስመኛለች፣ ከዚያ ደግሞ ትሰድበኛለች። «አንቺ እብድ! አንቺ ደንቆሮ! አስተማሪ ነኝ ትላለች ደግሞ!» ወጡ እያረረ ይሸተን ነበር። ማን ያወርደዋል?

ቀብርተኛው ሲመለስ ነው በውሻው ጩኸት የገባው። ጥቁር የለበሰ ሰው ሁሉ በማድ ቤቱ በር ተጋፍቶ ወጣ። ከጎረቤታችን አንዷ፣ እትዬ ወርቄ፣ በጭቃ የተለወስነውን ሁለታችንን አየች። ከሁሉ በፊት ያለችውን መቼም አልረሳውም። «ውይ አሰለፈች! ጓሮ ምን ትሠሪያለሽ? ተገዝተሽ አልነበር እንዴ?»

እናቴ ከጭቃው ውስጥ ቀና ብላ፣ «ወርቄ፣ መጀመሪያ ወጡን አውርጂልኝ» አለቻት።

የጎድን አጥንቶቼ ተሰንጥቀው ነበር፤ ዳኑ። የእናቴ ጉልበት ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የባሰ ሆነ፤ እሷም አትነግረኝም፣ እኔም አያለሁ። መሐላ አፍርሳለችና የንስሐ አባታችን ጋ ሄዳ እያለቀሰች ተናዘዘች። እሳቸውም፣ «ልጅሽን ትተሽ መሐላሽን ብትጠብቂ ኖሮ ነበር ቀኖናው የሚበዛብሽ» አሏት። እንዲያም ሆኖ ባዶ እጇን አልሰደዷትም። ስግደቱን ለጉልበቷ ሲሉ ትተው፣ እንጦጦ ማርያም ወጥታ ተሳልማ እንድትመለስ አዘዟት።

በምን ትወጣለች? ያንን ዳገት በእግሯ አትችለውም። «እስቲ ያቺን ጉድሽን አስነሺያት» አለችኝ አንድ ጠዋት፤ ነጭ ለብሳ፣ ከዘራዋን ይዛ። እውነት አልመሰለኝም። መቀመጫው ዝቅ ያለ ነውና ስትገባ፣ «ይሄ መቀመጫ ነው ጉድጓድ?» አለች። ዳገቱን ስንወጣ አዲሱ ማርሚታ አጉረመረመ። ባሕር ዛፍ ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ዳር ይዘው አዩን፤ እናቴ በመስኮቱ እጅ ነሣቻቸው።

ጉም ውስጥ ስንገባ መብራቱን አበራሁ። ሁለቱ ዓይኖች ብድግ ሲሉ እናቴ ደነገጠችና ሳቀች። ያኔ ነው ሆዴ ውስጥ የቆየውን የጠየቅኋት።

«እማዬ፣ ያን ቀን ምን አስወጣሽ? ስጠራሽ አልመጣሽም። ብረቱን ስመታም አልመጣሽም።»

ወደ መንገዱ እያየች፣ «ስትቀጠቅጪ መች ፈራሁ» አለች። «ያ ሁሉ ወር እኮ እዚያች መስኮት ሥር ነው የምቀመጠው። ከአባትሽ በኋላ ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበር። አንቺ ስትቀጠቅጪ "አለች" እላለሁ፣ ሥራዬን እሠራለሁ። እሰድብሻለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። ያን ቀን ዝም አልሽ። ዝም ስትይ ምን ልሁን?»

መንዳት አቃተኝ። ዳር ይዤ ቆምኩ። እሷ በነጠላዋ ጫፍ ፊቴን ጠረገችልኝና፣ «በይ ንጂ፣ ቅዳሴው ያልፈናል» አለችኝ።

አሁን ለእናንተ ምን ልበላችሁ? ብሎኬት ላይ መኪና አታቁሙ፤ ይህንን ያው ሰውዬው ነግሯችኋል፣ አታሳልፉት። ሌላው ግን ቪዲዮ ውስጥ የለም። እኔ እናቴን በመሐላዋ የታሰረች፣ ያኮረፈች አሮጊት አድርጌ ነበር የማያት፤ እሷም እኔን ከቆርቆሮ በቀር የማታይ አድርጋ። ባንዲት የሲሚንቶ ጠርዝ ግራና ቀኝ ቆመን ያንን ሁሉ ወር በከንቱ አሳለፍነው። እናንተም ቤት እንዲህ ያለች ጠርዝ ካለች፣ የሰው ደረት ላይ መኪና እስኪወድቅ አትጠብቁ። ዛሬውኑ እለፏት።

ብሎኬቶቹን እናቴ ራሷ አሰባብራ የጎመኗ መደብ ዳር ደረደረቻቸው። እኔም ለመኪናዋ እውነተኛ የብረት መቆሚያ አሠራሁላት። እናቴ ደግሞ አዲስ ምላለች፤ «ከእንግዲህ እኔ አጠገብሽ ሳልኖር ከሥሯ ብትገቢ» ብላ፣ በዚያው በሚካኤል። ስለዚህ አሁን ሥራ ሲኖረኝ መጀመሪያ በርጩማዋን አወጣላታለሁ። ጎመኗን እየቀነጠሰች ትቀመጣለች። እኔ ከሥር ሆኜ ዝም ካልኩባት ከዘራዋን አንሥታ ላሜራውን ትመታለች፤ ቋ፣ ቋ። እኔም ቁልፌን አንሥቼ ከሥር እመልስላታለሁ።